ሚንት፣ ኡቡንቱ ወይስ ፌዶራ? ከዊንዶውስ ለሚወጣ ሰው ንጽጽር

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14፣ 2025 ላይ ካበቃ ወዲህ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ልጫን የሚል ሰው በዝቷል፣ ሊኑክስ ብዙ አይነት ስላለው ወዲያው የሚከተለው ጥያቄ ደሞ "የትኛውን?" ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ፕሮሰሰሩም ኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው፣ እና ከዛ በታች ሆኖ ግን ኪቦርዱም ስክሪኑም ደህና የሆነ ስንት ላፕቶፕ አለ መሰላችሁ። እሱን ከመጣል ሊኑክስ ጭኖ መጠቀም በጣም ይሻላል፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው ስክሪንሾት አይቶ ነው፣ ይሄ ያምራል ያኛው ያስጠላል እያለ። መልኩን እኮ በኋላ እንደፈለጋችሁ ትቀይሩታላችሁ። መታየት ያለበት አፕዴቱ በየስንት ጊዜ እንደሚመጣባችሁና ከርነሉ፣ ማለትም ሃርድዌሩን የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ ለናንተ ማሽን በቂ አዲስ መሆኑ ነው። ሚንት፣ ኡቡንቱና ፌዶራ ሶስቱም በነፃ የሚወርዱ ስለሆኑ እኔ የማወዳድራቸው በነዚ ሁለት ነገሮች ነው።

ከዛ በፊት ግን የምትጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በወረቀት ፃፉ። ፎቶሾፕና ኢላስትሬተር መተዳደሪያችሁ ከሆኑ አዶቤ ለሊኑክስ አይሰራቸውም፣ በዚ ጉዳይ ሚንትም ፌዶራም አያድናችሁም፣ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን አቆዩት። ማይክሮሶፍት ኦፊስም እንደዛው ነው፣ በብራውዘር የሚከፈተው ግን ይሰራል፣ ሊብሬኦፊስ የሚባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም ደሞ ለደብዳቤና ለተራ የኤክሴል ስራ ይበቃል። ጌም ከሆነ ስቲም ላይ ያለው ብዙው የዊንዶውስ ጌም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው በፕሮቶን ይሰራል፣ ቫሎራንትና ፎርትናይት ግን በአንቲቺታቸው (ማጭበርበርን በሚከለክለው ፕሮግራም) ምክንያት አይከፈቱም። ይሄን ሳያዩ ጭነው ሊኑክስ አይረባም ብለው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ ገና የመጫኛው ፍላሽ ሳይሰካ ሊታወቅ የሚችል ነበር።

አሁን ወደ ሚንት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገባ ሰው እኔ የምለው ሊኑክስ ሚንት ሲናሞን ነው፣ ሲናሞን የዴስክቶፑ ስም ነው። የተሰራው በኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም አመት በሚደገፈው እትም) ላይ ነው፣ ሚንት 22 በ2024 የወጣ ሲሆን እስከ 2029 አፕዴት ያገኛል፣ ስለዚ ጭናችሁ አመታትን ትልቅ ለውጥ ሳይመጣባችሁ ትሰራላችሁ። ሜኑው ከታች በግራ ነው፣ የዊንዶውስ 7 እጅ ያለው ሰው ሳይጠይቅ ይገባዋል። ግን ለኔ ትልቁ ነገር ታይምሺፍት ነው፣ አብሮ የሚመጣ ፕሮግራም ነው፣ የሲስተሙን ስናፕሾት (የዛን ጊዜ ቅጂ) ይይዝና አንድ አፕዴት ነገር ቢያበላሽ ወደ ትናንትናው ትመለሳላችሁ። ገና እንደጫናችሁ እሱን አስተካክሉ፣ ግን የግል ፋይላችሁን በነባሪው አይነካም፣ ፎቶና ዶክመንት ለብቻው ባካፕ ያስፈልገዋል።

ራማችሁ 4 ጊጋ ከሆነ የሚንትን ኤክስኤፍሲኢ እትም ውሰዱ፣ ቀለል ይላል። ብቻ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ራሙን የሚበላው ብራውዘሩ ነው፣ 20 ታብ ከፍታችሁ የትኛውም ሊኑክስ ተአምር አይሰራም። ያ ማሽን ሃርድ ዲስኩ አሮጌው የሚሽከረከረው አይነት ከሆነ ደሞ በኤስኤስዲ መቀየሩ ከየትኛውም የሊኑክስ ምርጫ በላይ ያፈጥነዋል።

ሚንት የሚደክመው አዲስ ሃርድዌር ላይ ነው። ከርነሉ ቆየት ያለ ስለሚሆን ሰሞኑን የወጣ ላፕቶፕ ላይ ዋይፋዩ ወይ ግራፊክሱ ላይታወቅ ይችላል። ሁለት ስክሪን ኖሯችሁ አንዱ 4ኬ አንዱ ተራ ከሆነም ስኬሊንጉ (የፅሁፉና የምስሉ መጠን ማስተካከያ) ላይ ሲናሞን ያስቸግራል፣ እዛ ላይ ኖምና ኬዲኢ የሚባሉት ሌሎች ዴስክቶፖች ዌይላንድ በሚባለው አዲሱ የስክሪን ማሳያ ዘዴ በጣም ይበልጡታል።

ኡቡንቱ በሚንትና በፌዶራ መሀል ያለ ነው። ካኖኒካል የሚባል ድርጅት አለው፣ ዴል፣ ሌኖቮና ኤችፒ ብዙ ማሽኖቻቸውን በሱ አስፈትሸው ሰርተፋይ ያስደርጋሉ፣ አንድ ሶፍትዌር "ለሊኑክስ አለን" ሲል አብዛኛውን ጊዜ መመሪያው የተፃፈው ለኡቡንቱ ነው። ሲደርቅባችሁ መፍትሄው ቶሎ ይገኛል ማለት ነው። ስታወርዱ ኤልቲኤስ የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ በየሁለት አመቱ ኤፕሪል ላይ ነው የሚወጣው፣ 5 አመት መደበኛ ድጋፍ አለው፣ ኡቡንቱ ፕሮን በግል እስከ 5 ማሽን በነፃ ስትመዘገቡ ደሞ 10 ይሆናል። በመሀል የሚወጡት እትሞች 9 ወር ብቻ ነው የሚደገፉት፣ ለጀማሪ አይሆኑም። የማልወድለት ነገር ስናፕ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት መንገድ ነው፣ ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ እንኳን የሚመጣው በስናፕ ነው፣ ደከም ባለ ማሽን ላይ መጀመሪያ ስትከፍቱት ይንቀራፈፋል። ሚንት ስናፕን ትቶ ፍላትፓክ የሚባለውን ሌላ መንገድ ነው የሚጠቀመው፣ በዚ እኔ ከሚንት ጋር ነኝ።

ፌዶራ አዲስ ላፕቶፕ ለገዛ ሰው ነው። በየ6 ወሩ ነው የሚወጣው፣ አንዱ እትም ወደ 13 ወር ገደማ ይደገፋል፣ ከርነሉንም በመሀል ያሳድገዋል፣ ስለዚ አዲስ ሃርድዌር ቶሎ ያውቃል። ከኋላው ሬድ ሃት የሚባል የሊኑክስ ድርጅት አለ፣ ኖሙ ንፁህ ነው፣ ኬዲኢ ለሚወድ ደሞ ከፌዶራ 42 ወዲህ የኬዲኢው እትም እኩል ደረጃ ተሰጥቶታል። የሚያስቸግረው የመጀመሪያው ቀን ነው፦ አንዳንድ የቪዲዮ ኮዴኮችን (ቪዲዮ ለማጫወት የሚያስፈልጉትን) እና የኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርድን ድራይቨር አርፒኤም ፊውዥን ከሚባለው የውጭ ሪፖዚተሪ (የፕሮግራም ማከማቻ) ራሳችሁ መጨመር አለባችሁ። ሌላው፣ ቢያንስ በአመት አንዴ ወደ አዲሱ እትም መሸጋገር ግዴታ ነው፣ ያ የሚከብዳችሁ ከሆነ፣ ወይም ኮምፒውተሩ የእናታችሁ ከሆነና እናንተ ሌላ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ፣ ፌዶራን ተዉት።

ዴቢያን የሚባለው ሌላ ሊኑክስም ጥሩ ነው፣ 13ኛው በ2025 ወጥቷል፣ ግን ትንሽ ልምድ ይፈልጋል። አርች የሚባለውን ለሌላ ጊዜ።

ኤንቪዲያ ያላችሁ ይቺን በደንብ ያዙ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው የሚወድቀው። ሚንትና ኡቡንቱ ላይ ድራይቨሩን ከሜኑ ትጭናላችሁ፣ ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር የሚከለክለው) ከበራ ግን ፓስወርድ አውጡ ሊላችሁ ይችላል። ሪስታርት ሲያደርግ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና 10 ሰከንድ ብቻ ይጠብቃችኋል። ሰው ኮምፒውተሩ የተበላሸ መስሎት ዝም ይላል፣ በቃ ያልፈዋል፣ ድራይቨሩም አይነሳም። ማንኛውንም ቁልፍ ተጫኑ፣ "ኢንሮል ሞክ" የሚለውን ምረጡ፣ ያወጣችሁትን ፓስወርድ አስገቡ፣ አለቀ።

የመረጣችሁትን ከመጫናችሁ በፊት በላይቭ ፍላሽ፣ ማለትም ሳይጫን ከፍላሹ እየሰራ፣ ሞክሩት፣ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል፣ ሩፉስ ወይ ባሌና ኤቸር የሚባል ፕሮግራም ያወረዳችሁትን ፍላሹ ላይ ይፅፍላችኋል። ዝም ብላችሁ ዴስክቶፑን አትዩ፣ ዋይፋይ አገናኙ፣ ድምፅ ክፈቱ፣ ካሜራውንና የስክሪን ብርሃኑን ንኩ፣ ከዛ ክዳኑን ዘግታችሁ ከደቂቃ በኋላ ክፈቱት፣ ላፕቶፕ ላይ ቶሎ የሚያስቸግረው ይሄ እንቅልፉ ነው። ፍጥነቱን ግን በፍላሽ አትፍረዱበት፣ ከተጫነ በኋላ ሌላ ነው። አንዱ ላይ ዋይፋዩ እምቢ ካለ ሌላኛውን ፅፋችሁ ሞክሩ፣ የንጽጽሩ ትክክለኛ መልስ የሚገኘው እዛው ነው።

ዊንዶውሱን ሳታጠፉ አብሮ ለመጫን ካሰባችሁ ቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መብራቱን እዩ፣ ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ ሌላ ቦታ ፃፉት፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን የዊንዶውስ ማስተካከያም አጥፉ። ከዛ በኋላ ሰአቱ በሁለቱ መሀል ቢዛባ አትደንግጡ፣ ሊኑክስ በዩቲሲ (በአለም አቀፉ ሰአት) ዊንዶውስ በአካባቢው ሰአት ስለሚይዙት ነው፣ ይስተካከላል።

አማርኛ መፃፊያ ሶስቱም ላይ አይባስ በሚባለው የኪቦርድ ቋንቋ መቀየሪያ በኩል ኤም17ኤን የሚባለውን ስትጨምሩ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ ፎንት የተፃፈ ዶክመንት ግን ፎንቱ ስለሌለ በሌላ የግእዝ ፎንት ይከፈትና ገፁ ይንሸራተታል፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተፃፈው ደሞ ጭራሽ የማይነበብ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ስለዚ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት እንደዚ አይነት ፋይሎቻችሁን በፒዲኤፍ አስቀምጡ።