የቤተሰብ ችሎት ጊዜያዊ ትዕዛዝ ሲመዘን፦ የት ይሠራል፣ የት ይላላል

የፍቺ አቤቱታ ከገባ በኋላ ፍርድ እስኪሰጥ ወራት ያልፋሉ። ዳኛው መጀመሪያ ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ ይሞክራል፣ ካልሆነ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲያዩት ያደርጋል፣ ያም ካልተሳካ እስከ 3 ወር የሚደርስ የማሰላሰያ ጊዜ አለ። በዚህ መሀል ልጅ ምሳ ይፈልጋል፣ የቤት ኪራይ ይደርሳል፣ መኪናውም በአንድ ቀን ውል ሊሸጥ ይችላል። ይህን ክፍተት እንዲሸፍን የተቀመጠው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 82 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረታቸው አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትዕዛዝ እንዲሰጥ ያዛል። እዚህ የምንመዝነው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎቶች የሚሰጠውን ይህን አገልግሎት ነው። ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያ የሚከራከር ሰው የክልሉን አዋጅ ይዞ ይሂድ።

ሕጉ «ወዲያውኑ» ስላለ ብዙ ሰው ትዕዛዙ ከመዝገቡ ጋር አብሮ የሚወጣ ይመስለዋል። በተግባር ግን ትዕዛዝ የሚወጣው በተጠየቀው ልክ ነው። ስለዚህ ከፍቺ አቤቱታው ጋር፣ በዚያው ቀን፣ የጊዜያዊ ትዕዛዝ ማመልከቻ ለብቻው በቃለ መሐላ ተደግፎ ይግባ። በዋናው አቤቱታ መጨረሻ ላይ «ጊዜያዊ ቀለብም ይወሰንልኝ» ብሎ አንድ መስመር መወርወር ወረቀት ማባከን ነው። ዳኛው ያችን መስመር ሳያያት የመጀመሪያው ቀጠሮ ያልፋል።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ጠንካራው የልጅ ቀለብ ነው፤ በተለይ ከፋዩ ደመወዝተኛ ሲሆን። ቀለብ የሚተመነው በተቀባዩ ፍላጎትና በከፋዩ አቅም ስለሆነ ሁለቱም በቁጥር መቅረብ አለባቸው። ፍላጎቱ እንዲህ ይጻፍ፦ ትምህርት ቤት በወር 3,200፣ ሰርቪስ 1,800፣ ምግብና ወተት 4,000፣ የቤት ኪራይ ድርሻ 3,500፣ ልብስና ሕክምና 1,000፣ ድምር 13,500 ብር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ግን ደረሰኝ ወይም ውል መያያዝ አለበት። አቅሙን ለማሳየት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን ገልጾ እንዲጽፍ ችሎቱ እንዲያዝ ይጠየቃል። ነጋዴ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ለግብር ያሳወቀው ገቢ ከኑሮው ጋር አይገናኝም፤ ስለዚህ ከግብር መረጃው ጋር የባንክ ሒሳብ መግለጫው፣ የሚያከራየው ቤት ካለም ውሉ እንዲቀርብ ይጠየቅ።

የትዕዛዙ አጻጻፍ ላይ ጊዜ ማጥፋት ያዋጣል። «ተጠሪ ተገቢውን ቀለብ ይክፈል» የሚል ትዕዛዝ ይዞ አፈጻጸም (ትዕዛዙን በግድ የማስፈጸሚያ መዝገብ) መክፈት ጭቅጭቅ መክፈት ነው። የሚሠራው ትዕዛዝ መጠኑን፣ ከየትኛው ወር እንደሚጀምር፣ በወሩ ስንተኛው ቀን እንደሚከፈልና የተቀባይዋን ሒሳብ ቁጥር የያዘ ነው፤ ከፋዩ ተቀጣሪ ከሆነም አሠሪው ከደመወዙ ቀንሶ ገቢ እንዲያደርግ የሚያዝ መሆን አለበት። ከዚያ በኋላ የታዘዘው ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ወጪ ሆኖ መሥሪያ ቤቱ ድረስ መድረስ አለበት። ብዙ ትዕዛዝ የሚሞተው ችሎት ውስጥ ሳይሆን በመዝገብ ቤትና በአሠሪው መካከል ባለው መንገድ ነው። ባለጉዳዩ ደብዳቤውን ራሱ ተቀብሎ ያድርስ፣ በቅጂው ላይም መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤውን የመዘገበበትን የገቢ ቁጥርና ቀን ያስጽፍ። ያልተከፈለ ወር ሲኖር ዝም ማለት አይገባም። ከ3 ወር በላይ ሳይጠየቅ የቆየ ውዝፍ ቀለብ፣ ለመኖር አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በቀር፣ መብቱ ሊቀር ይችላል።

የልጅ አጠባበቅ ትዕዛዙ መካከለኛ ነው። እዚህ ላይ አሁንም የሚሰማ አንድ ስሕተት አለ፦ «ከ5 ዓመት በታች ስለሆነ ለእናቱ ይገባል» የሚል ክርክር። ይህ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደንብ ነበር፤ የ1992ቱ ሕግ አላስቀጠለውም። የዛሬው መለኪያ የልጁ ጥቅም ነው፤ የልጁ ዕድሜ፣ የወላጆቹ ገቢ፣ ጤንነትና አኗኗር ይታያሉ። ስለዚህ ማን ትምህርት ቤት እንደሚያደርሰው፣ ማን ሐኪም ቤት እንደሚወስደው፣ ማን ጋር እንደሚያድር በማስረጃ የሚያሳይ ማመልከቻ «እናት እናት ናት» ከሚለው ይልቅ ይሰማል። የጉብኝት ትዕዛዝ ደግሞ ቀንና ሰዓት ካልያዘ ምንም አይጠቅምም። «ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ መቀበያና መመለሻ አያቱ ቤት» ተብሎ ይጻፍ። ልጁ ከአገር ይወጣል የሚል ሥጋት ካለ እንዳይወጣ የሚያግድ ትዕዛዝ ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት እንዲጻፍ ወዲያው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሄደ በኋላ የሚመጣ ትዕዛዝ የሚይዘው ነገር የለም።

ደካማው ክፍል የመኖሪያ ቤቱ ነገር ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጋራ ቤት መውጣት ካለበት ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ሰው ሁኔታ እንዲያይ አንቀጽ 82 ይናገራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ድብደባ ላለበት ቤት ይህ አይበቃም፤ ራሱን የቻለ የጥበቃ ትዕዛዝ የሚሰጥ ሕግ የለንም። የተመታች ሴት ችሎቱን ብቻ አትጠብቅ። የሐኪም ማስረጃ ይዛ ለፖሊስ ታመልክት፣ የማመልከቻውንም ቅጂ ከቤት ይውጣልኝ ጥያቄዋ ጋር ታያይዝ። ይህ ክፍተት የሚያስከፍለው በሰው አካል ነውና ሕግ አውጪው ሊደፍነው ይገባል።

በንብረት ላይ የሚሰጠው እግድ በትክክል ከተጠየቀ አስተማማኝ ነው። መሠረቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ሲሆን ንብረቱ ሊሸጥ፣ ሊበላሽ ወይም ሊሸሽ መሆኑን ማሳየት ይጠይቃል። «የጋራ ንብረታችን ሁሉ ይታገድ» ተብሎ የመጣ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይመለሳል። ለመኪና የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥር፣ ለቤት የካርታ ቁጥርና ክፍለ ከተማ፣ ለገንዘብ የባንኩ ስምና ሒሳብ ቁጥር ይጻፍ። ካርታ ያልወጣለት ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደብዳቤው ውሉን ለያዘው መሥሪያ ቤትም ብድሩን ለሰጠው ባንክም ይድረስ። የሒሳቡ ባለቤት ስምም በመታወቂያውና በባንኩ መዝገብ እንዳለው ፊደል በፊደል ይመሳከር፤ የአያት ስም ስለጎደለ ብቻ «በዚህ ስም ደንበኛ የለንም» የሚል መልስ ይመጣል። እግዱ ሳይደርስ ቤቱ ያለ ሁለተኛው ወገን ፈቃድ ተሽጦ ከተገኘ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 69 ውሉን ለማፍረስ ይረዳል፤ መሸጡ ከታወቀበት በ6 ወር ውስጥ፣ በማንኛውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ።

ማመልከቻውን ማን ይጻፈው ለሚለው፣ የፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ለቀላል የቀለብ ጥያቄ ይበቃሉ። የወጪ ዝርዝሩንና ደረሰኙን ባለጉዳዩ አዘጋጅቶ ከሄደ ጥሩ አድርገው ይጽፉታል። ቤት፣ ድርጅት ወይም የአክሲዮን ድርሻ ካለ ግን ጠበቃ ያስፈልጋል። መክፈል ለማይችል ሰው የነጻ ሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ ሰልፍ ስላለባቸው ከቀጠሮው ዋዜማ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት መሄድ ይሻላል። ውጭ አገር ያለ ተከራካሪ በኤምባሲ በኩል የሚልከው ውክልና ፍቺን፣ የልጅ ጉዳይንና እግድን በስም የሚጠራ ይሁን።

የተሰጠው ትዕዛዝ ካላስደሰተ ወደ ይግባኝ ከመሮጥ አዲስ ማስረጃ ይዞ ለዚያው ችሎት ይሻሻልልኝ ማለት ያዋጣል፤ ደመወዝ ሲጨምር፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲቀይር፣ ከፋዩ ሥራ ሲያጣ ትዕዛዙ ይለወጣል። የፍቺው ውሳኔ ሊነበብ ሲቃረብ ደግሞ እግዱን ማየት ያስፈልጋል። የንብረት ክፍፍሉ ብዙ ጊዜ በሌላ መዝገብ ስለሚሄድ የፍቺው መዝገብ ሲዘጋ እግዱም አብሮ ሊነሳ ይችላል። ከውሳኔው ቀን በፊት «እግዱ የንብረት ክፍፍሉ እስኪያልቅ ጸንቶ ይቆይልኝ» የሚል አንድ ገጽ ማመልከቻ ይግባ።