የማስ ኢፌክት መጨረሻ፦ ሦስት ቀለምና አንድ የዱቤ ደብተር

ባለፈው ግንቦት፣ የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ሲል፣ ሳቢያን ባለው ግቢያችን ቴሌቪዥኑን በረንዳ ላይ አውጥተን እኔ፣ ታናሽ እህቴና የጎረቤታችን ልጅ አንድ ጨዋታ ጀመርን፤ ለመጨረስም አምስት ሳምንት ፈጀብን። ጨዋታው ማስ ኢፌክት ሌጀንደሪ ኤዲሽን ይባላል። ባዮዌር የተባለው የካናዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007፣ በ2010 እና በ2012 ያወጣቸውን ሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች፣ በየጊዜው ለብቻ ከወጡላቸው ከ40 በላይ ተጨማሪዎች ጋር አጠቃልሎና ምስላቸውን አድሶ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2021 በአንድ ላይ ያቀረበበት ስብስብ ነው። ዲስኩን ያመጣልን ጅቡቲ የሚሠራው አጎታችን ሲሆን፣ ማታ ከፍተን ስናሳየው ኳስ አለመሆኑን አይቶ ቅር እንዳለው ተመልሷል።

በከተማችን ያሉት ጌም ቤቶች በአብዛኛው የኳስ ቤቶች ናቸው። ሰው ተራውን ጠብቆ፣ ለአንድ ግጥሚያ ከፍሎ፣ ተሸንፎ በሚነሣበት ወንበር ላይ መቶ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ታሪክ የሚከፍት ደንበኛ አይገኝም። ስለዚህ ይህን ጨዋታ ለመግዛት የሚያስብ የድሬ ልጅ የሚጠይቀው ሰው ማግኘቱን እጠራጠራለሁ፤ በተለይ ስለ መጨረሻው ክፉ ክፉውን ሰምቶ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ የሚል ካለ ይህ ጽሑፍ ለእሱ ነው። መጨረሻውን ሳይነግሩ ስለ መጨረሻው መጻፍ ስለማይቻል፣ ታሪኩን በራሱ ዓይን ማየት የሚፈልግ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም ቅር አይለኝም።

ተጫዋቹ የሚይዘው የኮማንደር ሼፓርድን ቦታ ነው። ሼፓርድን ወንድም ሴትም ማድረግ ይቻላል፤ እህቴ ሴት ስላደረገቻት እኔም እሷ እያልሁ እቀጥላለሁ። ጠላቶቹ ሪፐር የሚባሉ፣ በየ50,000 ዓመቱ እየመጡ የሠለጠነውን ፍጡር ሁሉ አጭደው የሚሄዱ ግዙፍ ሕያው መርከቦች ናቸው። ተኩሱ ተኩስ ነው፣ ብዙ አላወራበትም። ተጫዋቹን የሚይዘው በመጀመሪያው ጨዋታ የተወሰነ ውሳኔ በሁለተኛው፣ በሁለተኛው የተሰጠ ቃል ደግሞ በሦስተኛው ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ማንን አዳንሽ፣ ማንን ትተሽ ሄድሽ፣ ለማን ዋሸሽ የሚለው ሁሉ ተጽፎ ይቆያል። የሰፈራችን ባለሱቅ የዱቤ ደብተር እንደሚይዘው ማለት ነው፦ ከሦስት ወር በፊት የወሰድኸውን ግማሽ ኪሎ ስኳር አንተ ብትረሳው ደብተሩ አይረሳውም።

ይህ ደብተር እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት የሞርዲን ሶለስን ነገር ማንሣት ይበቃኛል። ሞርዲን ዓረፍተ ነገሩን ጎርዶ ጎርዶ በጥድፊያ የሚናገር ሳይንቲስት ነው። የእሱ ወገኖች ሳላሪያኖች ክሮጋን የሚባለው ተዋጊ ሕዝብ እንደልቡ እንዳይራባ ጄኖፋጅ የተባለ ደዌ የሠሩበት ሲሆን፣ ክሮጋኖች ደዌውን መልመድ ሲጀምሩ እንደገና ካጠናከሩት ሰዎች አንዱ ሞርዲን ራሱ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ያንኑ ደዌ የሚሽረውን መድኃኒት ለማሠራጨት ሊፈነዳ በተቃረበ ግንብ ላይ ብቻውን ይወጣል፤ እያንጎራጎረም ይሞታል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «አቦ ወሬውን ተዉትና ተኩሱ» ሲለን የነበረው የጎረቤታችን ልጅ የያዘውን ሙሸበክ ወደ አፉ ሳያደርስ ቀረ፤ ስኳሩ በእጁ አንጓ እየወረደ አላወቀም።

እህቴ ሞርዲንን ማትረፍ ትችል እንደነበር የነገርኋት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ ግን ሬክስ የተባለው ክሮጋን ወዳጇ በመጀመሪያው ጨዋታ ሞቶ፣ በሁለተኛው የመድኃኒቱ ምርምር ሰነድ ጠፍቶ፣ በሦስተኛው ደግሞ አንድ ሕዝብ ያልተፈወሰውን ተፈውሻለሁ ብሎ እንዲያምን ሞርዲንን ማግባባት ነበረባት። ትንሽ አሰበችና «እንዲህ ሆኖ ከሚድንስ ይሙት» አለች። አምስት ዓመት ልዩነት ባላቸው ሁለት ጨዋታዎች መካከል የተሻገረ ሒሳብ እንዲህ ሲወራረድ ያየሁት በሌላ ጨዋታ አይደለም።

ከዚህም የባሰ የነካን ግን ሊጅን ነው፤ በዚህ በኩል እኔም ጥፋት አለብኝ። እናቴ ማታ ማታ ቡናዋን ይዛ ከጎናችን ትቀመጥ ስለነበር ንግግሩን የምተረጉምላት እኔ ነበርሁ። ሊጅን ጌት ከሚባሉት፣ አእምሯቸው እርስ በርሱ ከተሳሰረ ሮቦቶች ወገን ነው፤ በአንዱ አካሉ ውስጥ 1,183 ፕሮግራሞች ስላሉ ስለ ራሱ ሲናገር ሁልጊዜ «እኛ» ይላል። እናቴ መጀመሪያ ላይ «እንደ ንጉሥ ነው እንዴ የሚናገረው?» ብላ ስቃበታለች። ራኖክ በተባለው ዓለም ላይ ጌቶችና ፈጣሪዎቻቸው ኳሪያኖች ሊተላለቁ ሲቃረቡ፣ ወገኖቹ እንደ እሱ በየራሳቸው ማሰብ እንዲችሉ ሊጅን ራሱን አሳልፎ ይሰጣል። እኔም ከልማዴ የተነሣ «መሄድ አለብን ይላል» ብዬ ተረጎምሁላት። እህቴ ክርኔን ነካችኝ። ያለው ለካ «መሄድ አለብኝ» ነው። በአማርኛችን ልዩነቱ አንዲት ፊደል ብትሆን፣ ለዚያ ሮቦት ግን ዕድሜውን ሙሉ የተጓዘው መንገድ ያችው ፊደል ነበረች። አርሜ ስነግራት እናቴ ስኒውን አስቀመጠችና «ብቻውን ሆነ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፋኝ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሞ ወደ መጨረሻው የሚደርስ ሰው ምን ያገኛል? የቆሰለችው ሼፓርድ እየተጎተተች ሲታዴል የተባለው ግዙፍ የጠፈር ጣቢያ ላይ ትደርሳለች፤ እዚያም የሕፃን መልክ የያዘ፣ የሪፐሮች አዛዥ የሆነ ፍጡር ሦስት ምርጫ ያቀርብላታል። በቀዩ ሪፐሮች ይጠፋሉ፣ ጌቶችን ጨምሮ ሰው ሠራሽ ሕይወት ያለው ሁሉ ግን አብሮ ይጠፋል። በሰማያዊው ሼፓርድ ሥጋዋን ትታ ሪፐሮችን የምታዝ ኃይል ትሆናለች። በአረንጓዴው ሥጋ ለባሹና ማሽኑ በመላው ጋላክሲ ይዋሐዳሉ። እ.ኤ.አ. ማርች 2012 በወጣው በመጀመሪያው ቅጂ፣ የትኛውም ቢመረጥ የሚታየው ፍንዳታ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆኖ ቀለሙ ብቻ ይለያይ ነበር፤ በመጨረሻው ውጊያ ለንደን ላይ አብረውሽ ሲዋጉ የነበሩ ጓዶች እንዴት በሼፓርድ የጠፈር መርከብ ውስጥ እንደተገኙ የሚያስረዳም አልነበረም። ሞርዲን ተረፈም ሞተ፣ በራኖክ ዕርቅ ወረደም አልወረደ፣ በዚያ የመጨረሻ ምስል ላይ የሚለወጥ ነገር አልታየም። ባለሱቁ ደብተሩን ዘግቶ ቀይ ፌስታል ነው ሰማያዊ ወይስ አረንጓዴ ልስጥህ ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

እኔ ያንን ቅጂ የተጫወትሁት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት በፍላሽ ያስገለበጥሁት ነበርና ዛሬ ሳወራው ትንሽ አፍራለሁ። ያኔ ጨዋታው «የጋላክሲ ዝግጁነት» የሚለው ልኬት ነበረው፤ በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ያልተጫወተ ሰው ልኬቱ 50 በመቶ ላይ ይቆምበታል፤ ስለዚህ 7,000 ነጥብ የሚያወጣ ጦር ቢሰበስብ የሚቆጠርለት 3,500 ብቻ ነው። ሼፓርድ በፍርስራሹ ውስጥ ትንፋሽ ስትስብ የምትታይበትን አጭር ትዕይንት ለማየት ግን ቢያንስ 4,000 ያስፈልግ ነበር። ቤታችን ኢንተርኔት አልነበረም። ስንፍናዬ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬዋለሁ።

በሌላው ዓለም የነበረው ቁጣ ግን ከእኔ ብቸኛ ንዴት ጋር አይወዳደርም። የጨዋታው ኃላፊ ኬሲ ሃድሰን፣ ጨዋታው ከመውጣቱ በፊት፣ መጨረሻው ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ የሚቆጠር እንደማይሆን ተናግሮ ስለነበር ተጫዋቾች ቃል እንደታጠፈባቸው ቆጠሩት። ለአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤት ያለ ነበር። የተሻለ መጨረሻ ይሠራልን የሚሉትም ተሰባስበው፣ ጥያቄያቸው ከስድብ እንዲለይ በማለት፣ ለታመሙ ሕፃናት መጫወቻ ለሚያቀርብ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከ80,000 ዶላር በላይ አዋጡ። ከሁሉ የምወደው ግን የኬኩን ነገር ነው፦ ኤድመንተን ወዳለው የባዮዌር ቢሮ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ክሬም የተቀቡ 400 ገደማ ትናንሽ ኬኮች ላኩ፤ ሁሉም ሲቀመሱ ያው ቫኒላ ናቸው። ከዚህ ያማረ ሂስ ጽፌ አላውቅም፣ እጽፋለሁ ብዬም አላስብ።

ኩባንያው መልስ ሰጥቷል። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 2012 ኤክስቴንድድ ከት የተባለ የተራዘመ መጨረሻ ያለ ክፍያ አወጣ፤ ጓዶቹ ወደ መርከቧ እንዴት እንደተመለሱ አሳየ፤ በየምርጫው ክሮጋኖችና ሌሎቹ ሕዝቦች ምን እንደደረሰባቸው በምስልና በትረካ ጨመረ፤ ለዚያች ትንፋሽ የሚያስፈልገውን ነጥብ ወደ 3,100 ዝቅ አደረገ፤ ምርጫውን ሁሉ እምቢ ማለትንም አራተኛ መንገድ አድርጎ ከፈተ። በ2013 ደግሞ የቀድሞ ጓዶች በሙሉ ለአንድ ምሽት የሚሰበሰቡበት ሲታዴል የተባለው ተጨማሪ ወጣ። ስንብቱን እዚያ ግብዣ ላይ አድርገው ቀሪውን እንደ ግዴታ የሚቆጥሩት ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ እህቴም ከእነሱ ወገን ሆናለች። ሁለቱም ተጨማሪዎች በሌጀንደሪ ኤዲሽን ውስጥ አብረው ስላሉ፣ በኢንተርኔት መጫወቱም ጨርሶ ስለወጣ፣ ዛሬ የሚጀምር ሰው እኔ ያየሁትን መጨረሻ አያየውም። በዚህ ምክንያት ቤታችን ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳንግባባ ቆየን፤ እኔ አንድ ነገር ተሰርቆብኛል ስል እህቴ ምን እንደጎደለኝ አይገባትም ነበር።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የተራዘመው መጨረሻ ለደብተሩ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ጨመረለት እንጂ የሒሳቡን አሠራር አልለወጠም፤ ዋናው ውሳኔ አሁንም ከሕፃኑ ጋር በሚደረግ የአሥር ደቂቃ ንግግር ላይ ተንጠልጥሏል። ሆኖም በ2012 የተቆጣነው ሰዎች ያልተገነዘብነው ነገር አለ፦ የጨዋታው መጨረሻ ሦስተኛው ጨዋታ በሙሉ ነው። ሞርዲን ግንቡ ላይ ሲወጣ የአንዱ ታሪክ አለቀ፤ ሊጅን «አለብኝ» ሲል የሌላው አለቀ። ሕፃኑ ጋ ስንደርስ የቀረን የሼፓርድ ድርሻ ብቻ ነበር፤ የተበላሸውም ይኸው የእሷ ድርሻ ነው።

ለመግዛት የሚያስብ ሰው የሚከተለውን ይወቅ። የመጀመሪያው ጨዋታ ቢታደስም እርጅናው ያስታውቃል፤ በየባዶው ፕላኔት ላይ ተሽከርካሪ መንዳቱ አሰልቺ ነው፤ ግን እሱን ዘሎ ከሁለተኛው የሚጀምር ሰው ደብተሩን ከመሐል እንደገለጠ ይቁጠረው። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም። በኮምፒውተር የሚያወርድ ሰው ለጨዋታው 120 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያዘጋጅ፤ የሚቻለው ከሆነ ግን የፕሌይስቴሽን ወይም የኤክስቦክስ ዲስክ ይሻለዋል።

የመጨረሻዋን ሌሊት ሳልነግር ብቀር እህቴ አትለቀኝም። ሼፓርድ ወደ አረንጓዴው ብርሃን እያነከሰች ስትሄድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። በጨለማው ምንጣፍ ላይ ተጋድመን ለሦስት ሰዓት ያህል ተከራከርን። የጎረቤታችን ልጅ ቀዩን አለ፤ የመጣንበት ሥራ እሱ ነው፣ ወላሂ ሌላው ሁሉ ማታለያ ነው አለ። እናቴ ከውስጥ ሆና «ያ 'አለብኝ' ያለው ልጅ ወገኖችስ?» ብላ ቀዩን ጣለችው፤ እህቴ አረንጓዴውን ስታስረዳት ደግሞ «ሁሉንም ከመለወጣችሁ በፊት ማን ጠየቃቸው?» ብላ እሱንም ጣለችው። በ2012 ተጫዋቾች ገጽ በገጽ የተከራከሩበትን ጥያቄ እናቴ ጆይስቲክ ሳትነካ በሁለት ዓረፍተ ነገር አቀረበችው። ሰማያዊውን የደገፈ አልነበረም።

መብራት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ሲመጣ ጨዋታው ትንሽ ወደ ኋላ መልሶን ነበር። እንደገና ሕፃኑ ፊት ስንደርስ እህቴ ውኃ ልትጠጣ ተነሣች፤ የጎረቤታችን ልጅም ጆይስቲኩን አንሥቶ፣ ምንም አይሆንም ብሎ፣ ሕፃኑ ላይ ተኮሰ። ጨዋታው ይህንንም ለካ ይቆጥረዋል፤ እምቢ ማለት ማለት ነው። የሕፃኑ ድምፅ ጎረነነ፣ ጦሩ በሙሉ ጠፋ፣ መቶ ሰዓት የደከምንባቸው ሕዝቦች ሁሉ አለቁ። እህቴ ብርጭቆዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችው። ልጁን ወደ ቤቱ ሸኝታ፣ በሩን ዘግታ፣ ብቻዋን መልሳ ጨረሰችው፤ የትኛውን ቀለም እንደመረጠች ግን እስከ ዛሬ አልነገረችውም።