«ሲስተም የለም» ያለን ማን ነው?

የእናቴ ጣቶች አልነበብ አሉ። ለፋይዳ መታወቂያ የአስሩ ጣት አሻራ፣ የሁለቱ ዓይን አሻራና የፊት ፎቶ ይወሰዳል። የእሷ ጣቶች ግን ዕድሜ ልካቸውን ሊጥ ሲያቦኩና ልብስ ሲያጥቡ የኖሩ ናቸው። መስመራቸው ጠፍቷል። መሣሪያው ደጋግሞ ቀይ አበራ።

መዝጋቢዋ ልጅ አልተነጫነጨችም። ከኋላችን ረጅም ሰልፍ አለ። እርጥብ ሶፍት አምጥታ ጣቶቿን አንድ በአንድ ጠረገችላት። ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ትንሽ ቀባቻት። «እማማ፣ ቀስ ብለው ይጫኑት። ጣትዎ እንቢ ቢል ዓይንዎ አለ፤ አይጨነቁ» አለቻት። በመጨረሻ አውራ ጣቷ አረንጓዴ ሆነ። እናቴ እጇን ስማ መረቀቻት። ለዚህች ልጅ ካለኝ ነጥብ ሁሉ ሙሉውን እሰጣታለሁ።

ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ቆይቼ መመለሴ ነው። ስለ ሆቴሉና ስለ ምግቡ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ መንግሥት ዲጂታል አገልግሎት ነው። የምኖረው ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ ግዛት ውስጥ ነው። እዚያ የሆነውን ነገር ካየሁ በኋላ ኮምፒውተር ያለበት መስኮት ፊት ስቆም እንደ ድሮው አልቆምም።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 2025 እሑድ ነበር። የኔቫዳ ግዛት መንግሥት ኮምፒውተሮች በራንሰምዌር፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ በሚጠይቅ ጎጂ ሶፍትዌር ተመቱ። ጉዳቱ ከ60 በላይ መሥሪያ ቤቶችን ነካ። የመንጃ ፈቃድ ቢሮዎች ተዘጉ። ድረ ገጾች ጠፉ። የግዛቱን የቴክኖሎጂ ቢሮ የሚመራው ቲሞቲ ጋሉዚ ቀናት ሳይቆይ ሕዝብ ፊት ወጣ። ከግዛቱ ኔትወርክ ወደ ውጭ የወጣ መረጃ እንዳለ ተናገረ። ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ ገና እያጣሩ መሆኑንም አልደበቀም።

ግዛቱ ለሰርጎ ገቦቹ ገንዘብ አልከፈለም። አገልግሎቱ በ28 ቀን ተመለሰ። ከተጎዳው መረጃ 90 በመቶ ያህሉ ተገኘ። እኔን የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የወጣው ሪፖርት ነው። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት በግንቦት ወር ነው። አንድ ሠራተኛ ለሥራው የሚሆን ሶፍትዌር ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ፣ አስመስለው ከሠሩት ገጽ ላይ አወረደ። በቃ። ከሦስት ወር በላይ የግዛቱ ኔትወርክ ውስጥ ተቀምጠው፣ መጠባበቂያ ቅጂዎችን ሳይቀር አጥፍተው ነው ጥቃቱን የጀመሩት። ግዛቱ ይህን ሁሉ ራሱ ጽፎ አወጣው። ጥፋቱን በዚያ ሠራተኛ ላይ አልደፈደፈም። በር እንዴት እንደተከፈተ ለሌሎችም አሳየ።

እንግዲህ በዚህ ዓይን ነው አዲስ አበባን ያየሁት።

መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ጥሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው። ድሮ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ላይ ታች ስንል የምንውልበት ጉዳይ አሁን አንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቁጥር ትይዛላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ትጠራላችሁ። ደጅ መጥናት ለለመደ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቴሌብርም እንዲሁ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረ ነገር ዛሬ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠው እናት ጋ ደርሷል።

ስሙን የማልጠራው ሌላ መሥሪያ ቤት ግን አለ። የእናቴን ቤት በተመለከተ አንድ ማስረጃ ለማውጣት ሄድን። ሦስት ሰዓት ላይ ደረስን። «ሲስተም የለም» ተባልን። መቼ ይመጣል? «አይታወቅም፤ ነገ ሞክሩ።» በማግስቱም ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ከገጠር ድረስ መጥተው ወረቀታቸውን በፌስታል እንደያዙ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። የአልጋ እየከፈሉ ነው የሚጠብቁት። ማንም መጥቶ «አባት፣ ዛሬ አይሆንም፤ ሐሙስ ይምጡ» አላላቸውም።

ሲስተም ይጠፋል። ኔቫዳም ጠፍቷል። እዚህ ግን የጠፋው መብራት ይሁን፣ ኔትወርክ ይሁን፣ ሰርቨር ይሁን የሚነግረን አልነበረም። መስኮቱ ላይ የተለጠፈች አንዲት ወረቀት እንኳ የለችም። እንደ ገንዘብ ያዥና እንደ ጥበቃ ሁሉ፣ ሲስተሙ ሲወድቅ ስልኩ የሚነሳ አንድ ኃላፊ ያስፈልጋል። ሕዝቡ ስሙን ይወቀው። የቴክኖሎጂ መሪ ለሚባል ሰው ትልቁ ሥራው ይህ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እናቴ መታወቂያ ልመለስ። የፋይዳ ምዝገባ በነፃ ነው። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር በኋላ በስልኳ መጣላት። ካርዱን በእጇ መያዝ ስለፈለገች ሰፈር ካለ ማተሚያ ሱቅ ወሰድኳት።

ልጁ ቁጥሯን አስገባ። ስልኳ ላይ የማረጋገጫ ኮድ ገባ። «እማማ፣ ስልኩን ያቀብሉኝ» አላት፤ ሰጠችው። ኮዱን ራሱ አንብቦ ራሱ ጻፈው። ወዲያው ካርዱ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ ወጣ። ሥራው ጥርት ያለ ነው። የእኔ ዓይን ግን ስክሪኑ ላይ ቀረ። የወረዱ ፋይሎች የሚቀመጡበት ፎልደር ተከፍቷል። የሰው ስም፣ የሰው ስም፣ አሁንም የሰው ስም። ወደ ታች ቢያወርደው አያልቅም። የጎረቤቶቻችንን ስም አየሁ። የሰፈሩ ሰው ፎቶ፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻና የፋይዳ ቁጥር አንድ ሱቅ ኮምፒውተር ላይ ተከማችቷል። ኮምፒውተሩ ፓስወርድ የለውም።

ሕጉ አለ። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሏል። የአገሪቱን የሳይበር ደህንነት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት ኢንሳም ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ዋናው የመረጃ ቋት የቱንም ያህል ቢጠበቅ ግን ቅጂው ሰፈር ውስጥ እንዲህ ተበትኖ ከተቀመጠ እናቴ አልተጠበቀችም። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚሉ አጭበርባሪዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ስምና የትውልድ ቀን ጠቅሶ የደወለን ሰው ማን ይጠረጥራል?

እናቴን ማታ ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። ኮዱ እንደ ቤት ቁልፍ ነው አልኳት። «ታዲያ ለልጁ ቁልፉን ሰጠሁት ማለት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ዝም አለች።

በማግስቱ አብረን ሱቁ ተመለስን። ልጁ ክፉ አይደለም። «ካርድ ሲጠፋባቸው ድጋሚ ስለሚመጡ ነው የማስቀምጠው፤ ኮድ ሲዘገይ ይሰቃያሉ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮዱ ይዘገያል። አንድ ሰው ይህን ኮምፒውተር ይዞ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ነገርኩት። የራሱ እናት ፋይል እዚያው ውስጥ እንዳለ ያኔ ነው ያስታወሰው። እኛ ፊት ፎልደሩን መርጦ አጠፋ። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረገ። ቀጥሎ የመጣችውን ደንበኛ ኮዱን ራሷ እንድታስገባ ኪቦርዱን አዞረላት።