የህንድ ባቡር፦ ከሰሜን እስከ ደቡብ እየወረዳችሁ እየተሳፈራችሁ ለመዞር ላሰባችሁ

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልበል፣ ህንድን ከተማ ለከተማ እየወረዱ ለማየት ከባቡሩ የሚበልጥ ነገር አላየሁም፣ ግን ትኬቱ መጀመሪያ ይያዝ። ብዙ ሰው ሆቴሉን ይይዛል፣ የሚያየውን ይመርጣል፣ ከዛ ባቡር ሲፈልግ ሙሉ ነው ይባላል፣ ተጨንቆ አውሮፕላን ይገዛል ወይ 12 ሰዓት አውቶቡስ ላይ ይቀመጣል። እኔ እዚህ ሀገር ነው የምማረው፣ ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ከዴልሂ ተነስተን በአግራ፣ በጃይፑር፣ በአህመዳባድ፣ በሙምባይና በአውራንጋባድ አድርገን ኬረላ ድረስ የወረድነው በባቡር ነው፣ እና ነገሩ ያማረልን የማታ ባቡሮቹን ቀድመን ይዘን ሌላውን በነሱ ዙሪያ ስለሰራነው ነው ብዬ አምናለሁ።

ህንድ በስፋት ኢትዮጵያን ሦስት ጊዜ ገደማ ታክላለች። ስለዚህ በአንድ ጉዞ ሁሉንም ልይ የሚል ሰው ያው ጣቢያ ለጣቢያ ሲሮጥ ነው የሚያልቅበት። መጀመሪያ የቱን እንደምትተዉ ወስኑ። እኛ ቫራናሲን፣ ኮልካታን፣ ዳርጂሊንግን ተውናቸው፣ የማያምሩ ሆነው ሳይሆን ሁሉም ምሥራቅ ስለሆኑና የኛ መስመር በምዕራብ በኩል ወደ ታች የሚወርድ ስለሆነ። ሌላው ትልቁ ነገር መግቢያና መውጫችሁን የተለያየ ከተማ አድርጉት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዴልሂም ሙምባይም ቤንጋሉሩም ቼናይም ስለሚበር በዴልሂ ገብቶ በቤንጋሉሩ መውጣት ይቻላል፣ የመጣችሁበትን መንገድ ድጋሚ ለመመለስ የሚባክን ቀን አይኖርም ማለት ነው።

ወቅት ላይ ቀልድ የለም። ታኅሣሥና ጥር ሰሜኑን ጉም ይሸፍነዋል፣ ባቡር በሰዓታት ይዘገያል። ግንቦት ላይ ደግሞ ዴልሂና ራጃስታን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ልጅ ይዞ መሄድ አይታሰብም። ዝናቡ በኬረላ በኩል በሰኔ መጀመሪያ ገደማ ይገባና ወደ ሰሜን ይወጣል። እኛ ኅዳር ላይ ነው የሄድነው፣ ሰሜኑ ቀን ላይ ደስ የሚል ፀሐይ ነበረው፣ ደቡቡም ዝናቡን ጨርሶ አረንጓዴ ሆኖ ነው የጠበቀን።

አሁን ወደ ትኬቱ። ድሮ 120 ቀን ቀደም ብሎ ነበር የሚከፈተው፣ ከኖቬምበር 2024 ጀምሮ 60 ቀን ሆኗል። ይሄ ማለት ቀኑን ቆጥራችሁ በከፈተበት ጠዋት ገብታችሁ ትይዛላችሁ፣ በተለይ በዓል አካባቢ ከሆነ፤ ዲዋሊ ሰሞን ሀገሩ በሙሉ ወደ ቤተሰቡ ስለሚጓዝ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ለውጭ ቱሪስት ለብቻው የተቀመጠ ኮታ አለ፣ እሱ እስከ 365 ቀን ቀደም ብሎ ይያዛል፣ ሁሉም ባቡር ላይ ግን የለም። ዴልሂ ከደረሳችሁ በኋላ ደግሞ ኒው ዴልሂ ጣቢያ ውስጥ ፎቅ ላይ ለውጭ ቱሪስቶች ብቻ የሆነ የትኬት ቢሮ አለ፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ቢሮው ጣቢያው ውስጥ ነው ያለው፣ ይሄን በደንብ ያዙልኝ፣ ምክንያቱም በሩ ላይ «ቢሮው ተዘግቷል፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል» እያለ ወደ ራሱ ሱቅ የሚወስድ ሰው አይጠፋም። ወንድሜን አንዱ እጁን ይዞ ሊወስደው ነበር፣ ባቡራችሁ ተሰርዟል ብሎ መኪና ሊያከራየን። ባቡራችን በሰዓቱ ፕላትፎርም ላይ ቆሞ ነበር። ማንም ተሰርዟል ቢላችሁ ትኬታችሁ ላይ ያለውን ባለ 10 አሃዝ ፒ ኤን አር (የትኬቱ መለያ ቁጥር) ራሳችሁ የባቡሩ አፕ ላይ አስገብታችሁ እዩ፣ ወይም የባቡሩ መረጃ መስመር 139 ደውሉ።

ትኬት ስትገዙ የምታዩት ነገር ሦስት ዓይነት ነው። ኮንፈርምድ ካለ አልጋችሁ የእናንተ ነው። አር ኤ ሲ ካለ መሳፈር ትችላላችሁ ግን አንድ የጎን አልጋ ለሁለት ሰው ነው፣ ሌሊቱን ከማታውቁት ሰው ጋር ቁጭ ብላችሁ ልታነጉ ትችላላችሁ፣ ሰው ከቀረ ሙሉ አልጋ ይደርሳችኋል። ዌይቲንግ ሊስት ደግሞ ተስፋ ነው፣ ቻርቱ (የመጨረሻው የተሳፋሪ ዝርዝር) ሲወጣ ካልደረሳችሁ ኦንላይን የተገዛው ትኬት ራሱ ይሰረዝና ብሩ ይመለሳል። እና በጉዞው ውስጥ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበት መንገድ ካለ፣ ለምሳሌ በማግስቱ ጠዋት በረራ ካለባችሁ፣ በዌይቲንግ ሊስት አትሂዱበት። ታትካል የሚባለው የመጨረሻ ሰዓት ትኬት አለ፣ ባቡሩ ከመነሳቱ አንድ ቀን በፊት ለኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ ላለው ክፍል) ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ነው የሚከፈተው በኛ አቆጣጠር፣ ግን ከ2025 ጀምሮ ኦንላይን ለመግዛት አድሃር የሚባለውን የሀገሩን መታወቂያ ስለሚጠይቅ ለእንግዳ ሰው ፕላን የሚሰራበት ነገር አይደለም።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ከሀገር ቤት ለምትመጡ ይሄ ዋና ነገር ነው። ፕሮግራሙ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው የሚጻፈው። 00:20 የሚል ትኬት በ14ኛው ቀን ከተጻፈ የምትሳፈሩት የ13ኛው ማታ እንዳለፈ፣ ሳይነጋ ነው፣ በኛ ሌሊት 6:20 ማለት ነው። የ14ኛውን ማታ የሚጠብቅ ሰው ባቡሩ ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ጣቢያውንም አረጋግጡ፣ ዴልሂ ብቻውን ኒው ዴልሂ አለ፣ ኦልድ ዴልሂ አለ፣ ኒዛሙዲን አለ፣ አናንድ ቪሃር አለ፤ ሙምባይም እንደዛው ነው፣ አንዱ ካንዱ በትራፊክ ከሰዓት በላይ ይርቃል።

የትኛው ክፍል ይሻላል ለሚለው፣ ለማታ ጉዞ የኔ ምርጫ ባለ ሦስት አልጋ ኤሲ (አልጋው ሦስት ደርብ የሆነው) ነው። ስሊፐር ክላስ የሚባለው ኤሲ የሌለው ባለ አልጋ ክፍል በጣም ርካሽ ነው፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሰው ይጫወታል፣ ቀን ላይ ለአጭር መንገድ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ማታ ላይ ትኬት የሌለውም ስለሚገባበት እንቅልፍ የለም። ባለ ሦስቱ ኤሲ ዋጋው ከሁለት እጥፍ በላይ ቢሆንም የአንድ ሌሊት ሆቴል ያስቀርላችኋል። ከጃይፑር አህመዳባድ በሱ ነው ያደርነው። ማታ በወረቀት ከረጢት የታሸገ ሁለት ነጭ አንሶላና ትንሽ ፎጣ ይሰጣችኋል፣ ትራስና ብርድ ልብስ አለ፣ የመካከለኛው አልጋ ቀን ላይ ተጣጥፎ የታችኛው ወንበር መደገፊያ ይሆናል፣ 4 ሰዓት ሲሆን ይዘረጋል፣ ከዛ በኋላ ከታች ያለው ሰው ልቀመጥ ቢል አይችልም። ስለዚህ ስትይዙ የላይኛውን ምረጡ፣ የፈለጋችሁ ሰዓት ትተኛላችሁ ማንም አያነሳችሁም። ቁመቱ ረዘም ላለ ሰው የጎን አልጋ አይሆንም፣ አጭር ነው። ከታችኛው አልጋ ስር ሻንጣ የሚታሰርበት ቀለበት አለ፣ ሰንሰለትና ቁልፍ ጣቢያው ላይ ይሸጣል፣ ግዙ። ፉርጎው ላይ ቢ የሚል ከሆነ ባለ ሦስት ኤሲ ነው፣ ኤ ባለ ሁለት፣ ኤስ ስሊፐር፤ ባቡሩ እኮ ከ20 ፉርጎ በላይ ሊሆን ይችላል፣ የት እንደሚቆም ፕላትፎርሙ ላይ ያለውን ሰሌዳ አይታችሁ ቀድማችሁ ካልቆማችሁ ሻንጣ ይዞ መሮጥ ነው።

ሆቴል ላይ አንድ ያናደደኝን ልናገር። አህመዳባድ ውስጥ በኦንላይን ከፍለን የያዝነው አነስተኛ ሆቴል በማለዳ ሻንጣችንን ይዘን ስንደርስ የውጭ ሰው አንቀበልም አለን። ነገሩ እንግዳ ሲያድር ፎርም ሲ የሚባል ለመንግሥት የሚላክ ምዝገባ አለ፣ ትናንሾቹ እሱን መሙላት አይፈልጉም ወይም አልተመዘገቡም። ግን በፓስፖርቱ አስቀድሞ የያዘን ሰው ሌሊቱን ከተጓዘ በኋላ በር ላይ መመለስ ነውር ነው። አስቀድማችሁ ደውላችሁ የውጭ ሰው ትቀበላላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነም ትልልቆቹ ጣቢያዎች ውስጥ ለተሳፋሪ የሚከራይ ማረፊያ ክፍል አለ፣ ትኬት ላለው ሰው ነው፣ ንጽሕናው ከቦታ ቦታ ይለያያል ዋጋው ግን በጣም ትንሽ ነው። ሻንጣ ማስቀመጫም አለ፣ ቀኑን ባዶ እጅ ከተማ ዞሮ ማታ መሳፈር ይቻላል።

አህመዳባድን ለምን መረጣችሁ ይሉኛል ብዙ ሰዎች፣ ታጅ ማሃልን ለማየት የሚመጣ ሰው አያልፍበትም። (ታጅ ማሃል ዓርብ ዝግ ነው፣ ፕላናችሁ ላይ ጻፉት። ለውጭ ሰው 1100 ሩፒ ነው፣ መቃብሩ ያለበት ውስጥ ለመግባት ሌላ 200፣ ውድ ነው ግን ይገባዋል።) አህመዳባድ የሄድነው የሲዲ ሰዪድን መስጊድ ለማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1573 የተሰራ፣ ጉጃራት ውስጥ ያገለግል የነበረ ሐበሻ ያሠራው ነው። ትንሽ መስጊድ ነው፣ ዙሪያው መኪና ነው፣ ባጃጅ ነው፣ ጡሩምባ ነው። ወደ ኋላው ግድግዳ ዞራችሁ መስኮቶቹን ስታዩ ግን ቀጥ ነው የምትሉት። ድንጋዩን ፈልፍለው አንድ ዛፍ ሠርተውበታል፣ ቅርንጫፎቹ እርስ በርስ እየተጠላለፉ መስኮቱን ሞልተውታል፣ በየቀዳዳው ብርሃን ይገባል፣ ከሩቅ ዳንቴል ነው የሚመስለው ቀረብ ብላችሁ ካላያችሁት ድንጋይ መሆኑን አታምኑም። ወንድሜ አንድ ቃል ሳይናገር ቆሞ ሲያይ ቆየ። መግቢያው በነፃ ነው።

ከሙምባይ ደግሞ አውራንጋባድ ወደ 7 ሰዓት ይወስዳል፣ አሁን ስሙ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተብሏል ትኬት ስትፈልጉ ሁለቱንም ሞክሩ። ይሄን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1610 ካድኪ ብሎ የመሠረተው ማሊክ አምባር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በ1548 ገደማ ተወልዶ በባርነት ተሸጦ በባግዳድ በኩል ህንድ የደረሰ፣ ከዛ የአህመድናጋርን መንግሥት በእጁ አድርጎ የሙጋሉን ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊርን ለዓመታት ያስጨነቀ ሰው። መቃብሩ ኩልዳባድ ነው፣ ወደ ኤሎራ ዋሻዎች ስትሄዱ መንገድ ላይ ስለሆነ ሹፌሩን አቁም በሉት፣ ሰው አይበዛበትም። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ህንድን ዞሮ እዚህ ሳይቆም ቢመለስ በጣም ነው የሚቆጨኝ። ከዛ ኤሎራ ገብታችሁ 16ኛው ዋሻ የካይላሳ ቤተ መቅደስ ጋ ስትቆሙ ላሊበላን ያየ ዓይን ወዲያው ይገባዋል፣ ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች እየተፈለፈለ የወጣ ነው፣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን። ኤሎራ ማክሰኞ ዝግ ነው፣ አጃንታ የሚባሉት ሌሎቹ ዋሻዎች ሰኞ፣ ሁለቱን የሚያይ ሰው ረቡዕ እና ሐሙስ ቢይዝ ይሻለዋል።

ከሙምባይ ወደ ደቡብ የሚወርደው የኮንካን መስመር የጉዞው ምርጥ ክፍል ነው። ከ90 በላይ ዋሻ ውስጥ ይገባል ይወጣል፣ አንዴ ተራራ አንዴ የወንዝ አፍ አንዴ የኮኮናት ደን፣ በቀን የሚያልፍበትን ባቡር ፈልጋችሁ ያዙ፣ በማታ ከሄዳችሁበት ምንም አላያችሁም። ክረምት ላይ በናዳ ምክንያት ፍጥነቱ ስለሚቀነስ የሰዓት ሰሌዳው ይለወጣል።

የነቢያት ጾም መንገድ ላይ ነው የገባብን። ህንድ ውስጥ ጾም ቀላል ነው ይባላል፣ ግማሹ ነው እውነት። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት ነው፣ ወተትና ቅቤ ግን ሊኖረው ይችላል፣ ሰሜን ላይ ምስሩ እንኳን በቅቤ ነው የሚቁላላው። ስለዚህ ወተት፣ ቅቤ፣ እርጎ የለውም ወይ ብላችሁ አንድ በአንድ ጠይቁ። ደቡብ ስትደርሱ ይቀላል፣ ኢድሊ (በእንፋሎት የበሰለ የሩዝ ቂጣ) በሳምባር (የምስርና የአትክልት ወጥ) ጠዋት ጠዋት ጠግበን ነበር የምንወጣው፣ ኬረላ ደግሞ በኮኮናት ዘይት ነው የሚያበስሉት።

ኬረላ ውስጥ ኮታያም ያሉት የማላንካራ ኦርቶዶክሶች ከኛ ጋር በእምነት አንድ ናቸው፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲሰበስቡ እነሱም ነበሩ። እሁድ ቅዳሴ ገባን፣ ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት፣ አንድ አዛውንት ከኢትዮጵያ መሆናችንን ሲሰሙ እጃችንን ይዘው ቄሱ ጋ ወሰዱን። ከአላፑዛ ኮታያም በመንግሥት ጀልባ ሂዱ፣ ሰው ወደ ሥራ የሚሄድበት ተራ ጀልባ ነው፣ ለቱሪስት ከሚከራየው ቤት ከሚመስለው ጀልባ ጋር ዋጋው አይገናኝም፣ የሚታየው ውሃ ግን ያው ነው።

እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ፕላኑ ይለያል። የላይኛው አልጋ በጠባብ መሰላል ነው የሚወጣው፣ ለጉልበት አይሆንም፣ መጸዳጃውም ሲነጋ ያስቸግራል፤ ለነሱ ባለ ሁለት አልጋ ኤሲ የታችኛውን ያዙ፣ ከሙምባይ ኬረላ ውስጥ እስካለችው ኮቺ ያለውን ረጅሙን መንገድ ደግሞ በአውሮፕላን አድርጉት። እንደ አግራ ያለውን አጭሩን ግን በቀን ባቡር በወንበር ይሂዱት፣ ሻዩ እየመጣላቸው መስኮት ጋ ቁጭ ብለው ይደሰቱበታል።