ረጅሙ፣ ጠፍጣፋው ወይስ ለስላሳው? ቱቱ ከመግዛትዎ በፊት

ቱቱ የሚባለው የባሌት ቀሚስ በፎቶ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፤ ከሙሽራ ቬሎ የምናውቀው ቱል የሚባለው ስስ መረብ ጨርቅ ተሸንሽኖ፣ ተደራርቦ ወገብ ላይ የተሰፋ። ገዝተው የሚቆጩት ብዙዎቹ የሚሳሳቱትም በዚሁ ነው። እያንዳንዱ ቅርጽ በአንድ ዘመን፣ ለአንድ ዓይነት ዳንስ የተሠራ ነው። ያለቦታው ሲለበስ ወይ ይጣመማል፣ ወይ ይቀደዳል፣ ወይ ዳንሰኛዋን ያስቸግራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ረጅሙ፦ ሮማንቲክ ቱቱ

በ1832 ዳንሰኛዋ ማሪ ታግሊዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» የተባለውን ባሌት ስትደንስ የለበሰችው ነጭ ቀሚስ የዚህ ቅርጽ እናት ነው። ያን ጊዜ መድረኩ ከፋሽኑ ብዙም አልራቀም ነበር፤ ጠባቡ ደረት፣ የተገለጠው ትከሻ፣ እንደ ደወል የተነፋው ቀሚስ የማታ ግብዣ ልብስም ነበረ። ልዩነቱ የጨርቁ ስስነትና ቁመቱ ላይ ነው። ቀሚሱ ከቁርጭምጭሚት በላይ የቀረው በጣቷ ጫፍ ስትቆም እግሯ እንዲታይ ነው።

ዛሬ የሚሸጠው ሮማንቲክ ቱቱ ከ3 እስከ 6 ድርብ ለስላሳ ቱል አለው። ለጀማሪ አዋቂ፣ ለፎቶ፣ እንደ «ጂዜል» ባሌት ሁለተኛ ክፍል ላሉ የመናፍስት ዳንሶች የሚሆነው ይሄ ነው። ስፌቱ ቀላል ስለሆነ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይረክሳል።

ሲገዙ መጀመሪያ ወገቡን ይዩ። ላስቲክ ብቻ ያለው ቀሚስ ዳንሰኛዋ ስትሽከረከር አብሮ ይዞርና የጎኑ ስፌት ፊት ለፊት ይመጣል። ከላዩ ልብስ ጋር በአራት ቦታ፣ ከፊት፣ ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች በክር ቢያያዝ ችግሩ ይቀራል። ቁመቱን ደግሞ ቆመው ይለኩ፤ ጫፉ ከቁርጭምጭሚት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል። ከዚያ ከረዘመ ዳንሰኛዋ ተንበርክካ ስትነሳ ትረግጠዋለች፤ መረቡም ከወገቡ ስፌት ይተረተራል።

ስለ እሳት ሳይነገር ይህን ቀሚስ መሸጥ አይገባም። ኤማ ሊቭሪ የተባለች የፓሪስ ዳንሰኛ በ1862 ልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷ ከጋዝ መብራት እሳት ያዘ፤ ከወራት ስቃይ በኋላ በ1863 ሞተች። እሳት እንዳይዝ የሚያደርግ መድኃኒት ነበረ፤ ግን ጨርቁን ያደርቃል፣ ንጣቱንም ያደበዝዛል ብላ አልፈለገችውም። የዛሬው ናይሎን መረብ ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ልጅ ቱቱ ለብሳ የልደት ሻማ ስታጠፋ፣ ወይም ቡና በሚፈላበት ከሰል አጠገብ ስታልፍ፣ ቀሚሱ ዙሪያዋን ብዙ ቦታ እንደሚይዝና እሷም ጫፉ የት እንዳለ እንደማታየው ያስቡ።

ጠፍጣፋው፦ ክላሲካል ቱቱ

በ1880ዎቹ የጣሊያን ዳንሰኞች ብዙ ሽክርክሪትና ከባድ የእግር ሥራ ይዘው ሩሲያ ገቡ። ከእነሱ አንዷ ቪርጂኒያ ዙኪ በ1885 ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ የረዘመውን ቀሚስ አልለብስም ብላ አሳጠረችው። መድረኩ ከጎዳናው ፋሽን የተለየው ያኔ ነው፤ የዚያ ዘመን ወይዘሮ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ማሳየት አትደፍርም ነበር። እንደ እንጀራ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ከዳሌ ላይ የሚዘረጋው ቅርጽ የመጣው ቀስ በቀስ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን ነው።

ሥራው ከባድ ነው። ከ10 እስከ 12 ድርብ ጠንካራ መረብ ከፓንት ጋር ይሰፋል፤ ከሥር ያለው ድርብ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሲሆን ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል። በአንዱ ድርብ ውስጥ ክብ ሽቦ ይገባል፤ ድርቦቹም በላላ ክር እርስ በርስ ይያያዛሉ። ለአንድ አዋቂ 10 ሜትር ያህል መረብ፣ አንዳንዴም በላይ ይፈጃል። ርካሽ ሆኖ ካዩት ድርቦቹን ይቁጠሩ። 5 ወይም 6 ብቻ ካሉ ሽቦው ብቻውን ነው የያዘው፤ ከጥቂት ልምምድ በኋላ ኋላው ይወድቃል።

ልኩ ላይ ደረት፣ ወገብና ዳሌ አይበቃም። ከትከሻ ተነስቶ በእግር መካከል አልፎ ተመልሶ ትከሻ ላይ የሚደርሰው ዙር ልክ ያስፈልጋል። ሻጩ ይህን ካልጠየቀ ጥሩ ምልክት አይደለም። ይህ ልክ ሲያጥር ዳንሰኛዋ እጇን ባነሳች ቁጥር ቀሚሱ ከፊት ይነሳል። ዳሌውን የሚያቅፈው ጨርቅ ከላላ ደግሞ ጠፍጣፋው ቀሚስ ያዘነብላል።

ከኋላ የሚዘጋው በብረት መንጠቆ ነው ወይስ በዚፕ? መንጠቆ ይምረጡ፤ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ካለው ልጅ ስታድግ ይሰፋል። ዚፕ መድረክ ላይ ከተበላሸ መፍትሔ የለውም። ከወንድ ጋር የምትደንስ ከሆነ በወገቧ ጎን ዶቃና ፈርጥ አይኑር፤ የያዛትን እጅ ይቧጭራል፣ ክሩም ይበጠሳል።

በዚህ ቀሚስ መቀመጥ እንደማይቻልም አይርሱ። ለግብዣና ለሠርግ የሚገዙት ሰዎች የሚያዝኑት በዚህ ነው።

ለስላሳው፦ የካሪንስካ ቱቱ

የመድረክ ልብስ ሠሪዋ ባርባራ ካሪንስካ ይህን የሠራችው በ1950 ለዳንስ ቀማሪው ጆርጅ ባላንሺን «ሲምፎኒ ኢን ሲ» ባሌት ነው። ብዙ ዳንሰኞች በአንድ መድረክ ሲሞሉ የሽቦ ቱቱ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ይንቀጠቀጣል። እሷ ሽቦውን አወጣች፤ 6 ወይም 7 አጫጭር ድርብ አድርጋ በላላ ክር አያያዘቻቸው። ቀሚሱ ወደ ታች ትንሽ ደፋ ይላል፣ ሲነካም ተመልሶ ይቀመጣል። የላዩን ልብስ የጎን ቁራጭ ጨርቁን ሰያፍ አድርጋ ስለቆረጠች ጎድን እንደ ልብ ይተነፍሳል።

ለትምህርት ቤት የቡድን ትርዒት የምንመርጠው ይህንን ነው። በሻንጣ ይገባል፣ ጠባብ መልበሻ ክፍል ውስጥ 15 ልጆች አብረው ሊቆሙ ይችላሉ፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ብቸኛ ዳንሰኛ ለውድድር ከሆነ ግን የጠፍጣፋው ጥርት ያለ መስመር ከሩቅ ይበልጣል።

ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በላይክራ ሊዮታርድ (ገላ ላይ የሚለጠፍ የዳንስ ልብስ) ላይ የተሰፋው በቂ ነው። የሚረግፍ ብልጭልጭ ያለበትን ይተዉ፤ ወለሉን ያንሸራትታል።

ለመድረክ ሳይሆን ለጎዳና ከሆነ

ፋሽን ከባሌት የወሰደው ብዙ ነው። በ1910 የመድረክ ልብስ ዲዛይነሩ ሊዮን ባክስት ለ«ሼኸራዛድ» ባሌት የሠራቸው ደማቅ ቀለሞችና ሰፋፊ ሱሪዎች በፓሪስ ፋሽን ላይ ታዩ። በ1924 ደግሞ የፋሽን ዲዛይነሯ ኮኮ ሻኔል ለ«ለ ትራን ብሎ» ባሌት የስፖርትና የዋና ልብስ ሠራች። ዲዛይነሩ ክርስቲያን ዲዮር በ1947 ያወጣው ጠባብ ወገብና ሰፊ ቀሚስም የታግሊዮኒን ቅርጽ ያስታውሳል። ለሠርግ ወይም ለምርቃት የቱል ቀሚስ የሚፈልግ ሰው የመድረክ ቱቱ አይግዛ፤ ጥጥ ወይም ሳቲን ገበር ያለው፣ ወገቡ ሰፊ ቀበቶ የሆነ ረጅም ቀሚስ ይሻለዋል። ገበር የሌለው መረብ እግርን ያሳክካል፣ ከሌላ ልብስ ጋርም ይያያዛል።

ጫማውም ልዩነት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ውስጥ ጫማ በኮታ ሲታደል የባሌት ጫማ ከኮታው ውጭ ስለነበር ዲዛይነሯ ክሌር ማካርዴል የዳንስ ጫማ ሠሪውን ካፔዚዮን ለጎዳና የሚሆን እንዲሠራላት ጠየቀች። በ1956 የዳንስ ጫማ ሠሪዋ ሮዝ ሬፔቶ ለፊልም ተዋናይቷ ብሪጂት ባርዶ የሠራችው ጫማም ዝነኛ ነው። ለመንገድ የሚሆነው የጎማ ሶል አለው፤ የዳንሱ ስስ የቆዳ ሶል ነው፤ አንድ ቀን ውጭ ከተሄደበት ለዳንስ አይሆንም። በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን ጠንካራ ጫማ ግን አስተማሪ ሳይፈቅድና እግር ሳይለካ በኢንተርኔት አይግዙ፤ ያልጠነከረ የልጅ እግር ይጎዳል።

ከገዙ በኋላ መረቡን አይጠቡ። ላብ የነካውን የላይ ልብስ ገልብጠው በነፋሻ ቦታ ያድርቁ፤ የመድረክ ልብስ ጠባቂዎች ሽታ ለማጥፋት በውሃ የቀጠነ ቮድካ ይረጩበታል። ካውያ ከነካው ይቀልጣል፤ እንፋሎቱን ከአንድ ክንድ ርቀት ይስጡት። ጠፍጣፋውን በፓንቱ በኩል ገልብጠው ይስቀሉት ወይም በሰፊ ክብ ከረጢት አጋድመው ያኑሩት። ሽቦው አንዴ ከታጠፈ የመታጠፊያው ምልክት ከመድረክ መብራት በታች ሁልጊዜ ይታያል።