ቱሉ ዲምቱ ያለው የመኪና ኤሌትሪክ ቤት፦ ከፊልተር በፊት ቴስተር

የመኪናችሁ ቴፕ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር አብሮ የሚያፏጭ ከሆነ፣ ምንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ቱሉ ዲምቱ ያሉትን ኤሌትሪሺያን አሳዩዋቸው። ከአደባባዩ ብዙ አትርቁም። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ ታፔላ የለውም። በሩ ላይ የተደረደሩ አሮጌ ባትሪዎችና አንድ ትልቅ የስፒከር ሳጥን ካያችሁ ደርሳችኋል። ሰፈሩን ለማያውቅ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት አካባቢ ነው። ከባድ መኪና ቀኑን ሙሉ ያልፋል፣ አቧራውም አይጣል ነው።

መኪናዬ ቪትዝ ናት። ከጃፓን ያገለገለች ሆና የገባች ስትሆን፣ ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ከጋቢናው ወንበር ሥር አምፕሊፋየር (አምፕ፣ የድምፅ ማጉያ)፣ ኋላ ደግሞ ቤዝ አስገጥሞባታል። እኔ ከኮዬ ፈጬ ሜክሲኮ ድረስ የምመላለስ ሰው ነኝ። መንገድ ሲዘጋጋ አጫዋቼ ቴፑ ነው። ስለዚህ ያ «ዊይይይ» የሚል ድምፅ ለእኔ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ሞተሩ ሲነሳ ይጀምራል። ነዳጅ ስሰጥ ይቀጥናል፣ እግሬን ሳነሳ ይወርዳል። ለስለስ ያለ የክራር ዘፈን ላይማ ጭራሽ አያስቀምጥም።

መሀል ከተማ ያሳየሁበት ቤት ገና ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ፊልተር ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ፤ የድምፅ ረብሻ ማጣሪያ ማለቱ ነው። ፊልተሩ ተገዛ፣ ተገጠመ። ፉጨቱ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ቤዙ ግን ሳሳ። ርካሽ ፊልተር እንዲህ ያደርጋል፤ ፉጨቱን ልያዝ ሲል ወፍራሙን ድምፅም ይዞ ያስቀራል። ደግሞ ፊልተር የድምፁን ምንጭ አያጠፋም። ምንጩ እዚያው እንዳለ ይቀመጣል።

የቱሉ ዲምቱው ባለሙያ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ናቸው። መጀመሪያ የያዙት ካቻቢቴ አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

«ልጄ፣ ድምፁ ከነዳጁ ጋር ይሄዳል ወይስ ዝም ብሎ አንድ ዓይነት ነው?»

«ከነዳጁ ጋር ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«ቴፑን ስትቀንሺው አብሮ ይቀንሳል?»

«አይቀንስም። ዜሮ ላይ ሳደርገውም አለ።»

«እሺ። ሞተሩን አስነሺ፣ ቴፑን ዜሮ ላይ ተይው።»

እነዚህ ጥያቄዎች ብቻ ብዙ ነገር ይለያሉ። ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት መነሻው ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። «ጣ ጣ ጣ» እያለ ከሞተሩ ጋር የሚፈጥን ከሆነ ካንዴላና ኮይል አካባቢ ይፈለጋል። ሞተሩ ጠፍቶም የማይለወጥ «ሽሽሽ» ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአምፑ ጌይን፣ ማለትም አምፑ የገባለትን ድምፅ የሚያጎላበት መጠን፣ ከልክ በላይ ተከፍቶ ነው። ጌይን ቮልዩም አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የሚሰማ ድምፅ የገባው ከቮልዩሙ በኋላ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፑ በሚወስደው የአርሲኤ ገመድ መንገድና በአምፑ በራሱ ላይ ነው።

ፉጨቱ ከዲናሞ ይነሳል ማለት ዲናሞው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ዲናሞ ሲሠራ የሚያመነጨው ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌትሪክ) ነው፣ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ) የሚቀይሩት ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ናቸው። ጤነኛ ዲናሞም ቢሆን ትንሽ ሞገድ ይተዋል። አንዱ ዳዮድ ከተቃጠለ ግን ሞገዱ ይበዛል። ጋሼ ይህንን በግምት አላለፉትም። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርገው በመጀመሪያ ዲሲውን አሳዩኝ፤ ሞተሩ ሲሠራ 14.2 ቮልት። ቀጥለው ቴስተሩን ወደ ኤሲ አዞሩትና መብራት አስበርተው፣ ነዳጅ አሰጥተው እንደገና ለኩ። ከአንድ ቮልት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። «ዲናሞሽ ንጹሕ ነው፣ ማንም ቀይሪው ቢልሽ እንዳትሰሚ» አሉኝ። ሶማሌ ተራ ወርጄ ዲናሞ ልገዛ አስቤ ስለነበር ይህቺ አንዲት ልኬት ብቻ የሄድኩበትን መንገድ ከፈለችኝ።

ቀጥሎ የአርሲኤውን ገመድ ከአምፑ ላይ ነቀሉት። ፉጨቱ ድርግም ብሎ ጠፋ። ከዚያ የራሳቸውን ስልክ፣ ቻርጅ ላይ ያልተሰካ፣ በአጭር ገመድ ቀጥታ አምፑ ላይ አገናኙት። ዘፈኑ ጥርት ብሎ ወጣ። ስለዚህ አምፑ ራሱ ደህና ነው። የተበላሸው ቴፑና አምፑ የሚገናኙበት ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ሲያደርጉ እያንዳንዱን እርምጃ ያሳዩኛል። ለዚህ ቤት ትልቁን ነጥብ የምሰጠው በዚህ ነው። «ተነሺ ወደዚያ ጠብቂ» የለም። አጎንብሼ አያለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ ይመልሳሉ።

ምንጩ የተገኘው ከወንበሩ ሥር ነው። የአምፑ ማሳ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ ሽቦ፣ የታሰረው በወንበሩ ብሎን ላይ ነበር። ብሎኑን ፈተው የሽቦውን ጫፍ ሲያነሱት ከሥሩ የመኪናው ቀለም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ላሜራውን የነካው በብሎኑ ጥርስ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም ዝጎ ቡናማ ሆኗል። ቴስተሩን ከአምፑ ማሳ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ዘርግተው አምፑ እየሠራ ሲለኩት ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ 0.4 ቮልት አነበበ። ቴፑ ማሳውን የሚያገኘው ከዳሽቦርዱ ኋላ ነው። አምፑ ደግሞ ከዚህ ከዛገ ብሎን። ሁለቱ ማሳዎች እኩል ስላልሆኑ ልዩነቱ በአርሲኤው ገመድ ሽፋን በኩል መንገድ ያበጃል፣ የዲናሞውን ሞገድም ይዞ ወደ ስፒከር ይገባል።

መፍትሔው ዕቃ አልጠየቀም ማለት ይቻላል። ከወንበሩ ትንሽ ራቅ ብሎ ላሜራው ላይ ቦታ መረጡ። ከሥሩ የነዳጅ ቱቦ ወይም የፍሬን መስመር እንደሌለ ጎንበስ ብለው አረጋገጡ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው ብረቱን እስኪያብረቀርቅ አወጡት። ወፈር ያለ አጭር ሽቦ፣ ጫፉ ላይ ተቆንጥጦ የተጨመቀ ቀለበት፣ ጥብቅ ብሎን። በላዩ ላይ እንዳይዝግ ቀለም ቀቡት። ሞተሩን አስነሳሁ። ፉጨቱ ጆሮ ካልተጣለበት የማይሰማ ሆነ።

እኔ እዚያ ላይ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን «ገና ነው» ብለው ምንጣፉን አስነሱት። የአርሲኤው ገመድና ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦ በአንድ ላይ በናስትሮ ተጠቅልለው በአንድ ጎን ይሄዳሉ። ጎረቤት ሆነው የተኙ ገመዶች ወሬ ይቀባበላሉ። አርሲኤውን ለይተው በሌላኛው በር በኩል አሳለፉት። ያ የገዛሁት ፊልተርም ተነቀለ፣ ቤዙ ተመለሰ። ፉጨቱ የለም። ውስጥ ገብቼ በሩን ዘግቼ፣ ቴፑን ዜሮ ላይ አድርጌ፣ ነዳጅ ሰጥቼ ሰማሁ፤ የለም።

ሬዲዮው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረኝ፤ ኤፍኤም ላይ ብቻ የሚሰማ መንጫጨት። ይሄኛው ቶሎ ተገኘ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሰካሁትን ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሲነቅሉት አብሮ ጠፋ። አንዳንድ ርካሽ የኤልኢዲ የፊት መብራትም እንዲሁ እንደሚያደርግ ነገሩኝ። መብራት ስታበሩ ሬዲዮ የሚረበሽባችሁ ከሆነ እዚያ ተመልከቱ።

የተረፈው የኤክስፓንደሩ ነገር ነው። የጃፓን ሬዲዮ የተሠራው ለጃፓን ኤፍኤም፣ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የእኛ ጣቢያዎች እስከ 108 ይደርሳሉ። ስለዚህ ኤክስፓንደር የምትባል ከአንቴናው ጋር የምትገጠም ትንሽ ሳጥን ቁጥሩን እየቀነሰች ታስገባለች። የእኔዋ 18 ስለምትቀንስ ሸገር 102.1ን የማገኘው 84.1 ላይ ነው። ጋሼ የአንቴናውን መሰኪያ አጠበቁ፣ የሳጥኗንም ማሳ አስተካከሉ። ድምፁ ተሻሻለ። አንዳንዴ ሁለት ጣቢያ መደራረቡን ግን አልተወም። በግልጽ ነገሩኝ፦ «ከዚህ በላይ አይጠራም። ጥርት ያለ ከፈለግሽ ሬዲዮውን መቀየር ነው። ግን አሁኑኑ ቀይሪ አልልሽም።» ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር፤ መደርደሪያቸው ላይ ቴፕ አለ።

ለሥራው 1,500 ብር፣ ለሽቦና ለቀለበቶች 700 ብር ከፈልኩ። ለፈጀው ጊዜ ተገቢ ነው እላለሁ። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ጠብቀን መያዝ ግድ ሆኗል። እንዲህ አድርጎ የሚሠራ ሰው ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም።

ቅሬታም አለኝ። መቀመጫው በር ላይ ያለች አንዲት አግዳሚ ናት፣ ጥላ የላትም። ረዳታቸው ምንጣፉን ሲመልስ የበሩን ሥር ፕላስቲክ ክሊፕ ሰብሮብኛል። አይቼ ባልናገር ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር። ጋሼ ተቆጥተውት ሌላ አስገጠሙልኝ። ደረሰኝ አይሰጡም። የጽሑፍ ዋስትና የለም፣ «ከተመለሰ ተመለሺ» ነው። መብራት ከጠፋ ሳልዳቶ የሚፈልግ ሥራ ሁሉ ይቆማል። በክረምት ደግሞ ከአስፋልቱ እስከ በሩ ያለው ጭቃ ዝቅ ላለች መኪና ከባድ ነው።

በቴሌብር መክፈል ይቻላል። ቅዳሜ የሚኒባስ ሾፌሮች ስለሚሞሉት በአዘቦት ቀን ጠዋት ሂዱ። ከመሄዳችሁ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ለዩ፦ ሞተር ሲነሳ ነው? መብራት ሲበራ? ስልክ ቻርጅ ላይ ሲሰካ? ዘፈን የምትሰሙት ከስልክ በኦክስ ገመድ ከሆነ ያንኑ ገመድና ቻርጀራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋሼ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።