ጭቃና ደንገል፦ የሱመርና የግብፅ ጥንታዊ ጽሕፈት

በደቡብ ሜሶጶጣሚያ (በዛሬዋ ኢራቅ)፣ በሱመር ምድር በኡሩክ ከተማ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ የነበሩ ጸሐፍት እርጥብ ጭቃ በመዳፋቸው አለስልሰው፣ በተቀረጸ ሸምበቆ ጫፍ ምልክት እያሳረፉ የገብሱን፣ የቢራውንና የበጉን ልክ ይመዘግቡ ነበር። ጽሕፈት እዚያ የተወለደው ከጎተራ ሒሳብ ነው።

ግብፃውያን በዓባይ ዳር የሚበቅለውን ደንገል መረጡ፤ በእኛ አገር የጣና ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበት ያው ተክል ነው። አገዳውን ልጠው፣ ውስጡን በስሱ ሰንጥቀው፣ አንዱን ረድፍ በሌላው ላይ አግድም አንጥፈው በመጫን መጻፊያ አወጡለት። በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ በዋዲ አል ጃርፍ የተገኘው የመረር የተባለ ሹም የሥራ መዝገብ፣ ለኩፉ ፒራሚድ የሚሆን የኖራ ድንጋይ ከቱራ ወደ ጊዛ በጀልባ ሲመላለስ የዋለበትን እያንዳንዱን ቀን ይዘረዝራል፤ ዕድሜውም ከ4500 ዓመት በላይ ነው።

ለአያያዝ ደንገሉ ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ ይጠቀለላል፣ ቀለምም ይቀበላል። በዕድሜ ግን፣ በእኔ አመለካከት፣ ጭቃው ወደር የለውም። ደንገል በደረቅ በረሃ ካልተቀበረ እርጥበት ይበላዋል፣ እሳትም ያጠፋዋል፤ ነነዌ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ስትቃጠል ግን፣ ከአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መጻሕፍት የሸክላ ሰሌዳዎች ከፊሎቹ በእሳቱ ይበልጥ ጠንክረው ተርፈዋል።